የብር ጫማና የወርቅ ቆብ፦ ስለ ኦዝ፣ ስለ ማምለጥና ስለ ቤት

ይህን ጽሑፍ እንድጽፍ ያነሣሡኝ ሁለት ነገሮች ናቸው። አንደኛው የአንዲት የስምንት ዓመት ልጅ ጥያቄ ሲሆን ሁለተኛው ደግሞ ከመቶ ሠላሳ ዓመት በፊት የታተመ አንድ የጋዜጣ ርዕሰ አንቀጽ ነው። ሁለቱ የሚገናኙ አይመስሉም። እኔም መገናኘታቸውን ያወቅኩት ባለፈው ሴሚስተር፣ ያውም ሳላስበው ነው። የሚያያይዛቸው አንድ ሰው ነው፦ «የኦዝ ድንቅ ጠንቋይ» የተባለውን የልጆች ልብ ወለድ የጻፈው አሜሪካዊው ኤል. ፍራንክ ባውም። (በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያሉት ዓመቶች በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

አስቀድሜ አንድ ነገር ልበል። እኛ ዲፓርትመንት ውስጥ የልጆች ተረት ሲነሣ ፈገግ የሚሉ አሉ። «የጋዜጠኛ ሥራ ከእውነታ ጋር ነው፤ ስለ ጠንቋይና ስለሚበር ጦጣ ምን አገባን?» ይላሉ። አልከራከራቸውም። ጽሑፉን እስከ መጨረሻው አንብበው ይፍረዱ።

መጽሐፉን የገዛሁት ከመንገድ ዳር አሮጌ መጻሕፍት ሻጭ ሲሆን ሐሳቤም እንግሊዝኛዬን ማሻሻል ነበር። ነገር ግን እቤታችን የእህቴ ልጅ አለች። እናቷ ኩዌት ከሄደች ሦስት ዓመት አልፏታል፤ ሰው ቤት ነው የምትሠራው። ልጅቷን የምናሳድጋት እናቴና እኔ ነን። መብራት በጠፋ ቁጥር «ተረት ንገሪኝ» ትለኛለች፤ መብራት ደግሞ ቶሎ ቶሎ ይጠፋል። የማውቀው ተረት አለቀ። ጅቡም፣ ጦጢትም፣ ብልጧ ቀበሮም ሁሉም ተራቸውን ጨረሱ። በዚህ ጊዜ ነው የባውምን መጽሐፍ አውጥቼ በስልክ መብራት እያየሁ፣ በአፌ ወደ አማርኛ እየመለስኩ ማንበብ የጀመርኩት። የዋናዋ ባለ ታሪክ ስም ዶሮቲ ነው። የእህቴ ልጅ ይህን ስትሰማ «ዶሮ ናት?» ብላ በሣቅ ፈነዳች። ሰው መሆኗን ለማሳመን ሁለት ማታ ፈጅቶብኛል።

ታሪኩን የማያውቅ ካለ ባጭሩ ልንገረው። ዶሮቲ ወላጆቿ የሞቱባት ልጅ ናት። ካንሳስ በሚባለው የአሜሪካ ግዛት ከአጎቷ ከሄንሪና ከሚስቱ ከአክስት ኤም ጋር ትኖራለች። ቤታቸው አንዲት ክፍል ናት። ዙሪያውን ዛፍ የለ፣ ሌላ ቤት የለ። መሬቱ፣ ሣሩ፣ የቤቱ ግድግዳ ሁሉም በፀሐይ ተቃጥሎ አመድማ ሆኗል። አክስት ኤም እዚያ ስትገባ ወጣትና ቆንጆ ነበረች፤ ፀሐይና ነፋስ ግን የዓይኗን ብርሃንና የጉንጯን ቀለም ወስደውባታል። አሁን አትስቅም። ዶሮቲ መጀመሪያ የመጣች ጊዜ የልጅቷ ሣቅ ያስደነግጣት ነበር ይላል ባውም። አንድ ቀን አውሎ ነፋስ ቤቱን ከነዶሮቲና ከነውሻዋ ከነቶቶ አንሥቶ ኦዝ የተባለው አገር ላይ ይጥለዋል። ኦዝ አበባው፣ ወንዙ፣ ወፉ ሁሉ ቀለም ነው። ቤቱ ሲወድቅ አንዲት ክፉ ጠንቋይ ሥሩ ተጨፍልቃ ትሞታለች፤ የእሷን የብር ጫማ ዶሮቲ ትወስዳለች። ከዚያ በኋላ ያለው መጽሐፍ በሙሉ ዶሮቲ ወደ ካንሳስ የምትመለስበትን መንገድ የምትፈልግበት ነው።

እዚህ ላይ የእህቴ ልጅ አቋረጠችኝ። በመጀመሪያ «አክስቷ እንዳንቺ ናት?» አለችኝ። «እኔ እኮ እስቃለሁ» አልኳት። «አንዳንዴ» አለች። ቀጥላ ያነሣችው ጥያቄ ግን እስካሁን ከራሴ አልወጣም፦ «እዚያ እያማረ ለምን እዚያኛው መመለስ ፈለገች?»

ጥያቄው የእሷ ብቻ አይደለም። መጽሐፉ ውስጥ ገለባ የተሞላው የወፍ ማስፈራሪያ ዶሮቲን ይህንኑ ይጠይቃታል። ማስፈራሪያው አእምሮ ስለሌለው እሱን ፍለጋ የሚሄድ ነው፤ ከመጽሐፉ ዋነኛውን ጥያቄ ያነሣው ግን እሱ መሆኑ ያስገርማል። የዶሮቲም መልስ መልስ የሚባል አይደለም። ሥጋና ደም ያለው ሰው አገሩ ምንም ደረቅ ቢሆን መኖር የሚፈልገው እዚያ ነው ትለዋለች። እሱም አእምሮ ስለሌለኝ ይህ አይገባኝም ይላል። አንባቢ ማን ትክክል እንደሆነ ለመወሰን ይቸገራል፤ ባውምም አይረዳውም።

ስለ ምናባዊ የልጆች ልብ ወለድ ከሚነገሩት ወቀሳዎች ዋናው «ሽሽት ነው» የሚለው ነው። ልጁን ካለበት ዓለም አውጥቶ ሌላ ቦታ ይወስደዋል ለማለት ነው። ለዚህ ወቀሳ በደንብ የተከራከረው ጄ. አር. አር. ቶልኪን ነው። በ1939 በስኮትላንድ ሴንት አንድሩስ ዩኒቨርሲቲ ባደረገው ንግግር ሁለት ዓይነት ሽሽት እንዳለ አመለከተ፤ እስር ቤት ያለ ሰው ከግድግዳው ውጭ ያለውን ማሰቡና ወታደር ግዳጁን ጥሎ መክዳቱ አንድ አይደሉም የሚል ነው ሐሳቡ። ጥሩ ክርክር ነው። የኦዝ ታሪክ ግን ለሁለቱም አይመችም። ዶሮቲ አላመለጠችም፤ ነፋስ ነው የወሰዳት። ማምለጥ የምትፈልገው ደግሞ ከሚያምረው አገር ወደ አመድማው ነው። በአጭሩ የተገለበጠ ማምለጥ ነው።

በነገራችን ላይ ብዙዎቻችን ታሪኩን የምናውቀው በ1939 ከተሠራው የኤም ጂ ኤም ፊልም ነው፤ ጁዲ ጋርላንድ የተወነችበት ማለት ነው። ፊልሙ ሁለት ትልልቅ ለውጦች አድርጓል። አንደኛው የብሩን ጫማ ቀይ አደረገው፤ በጊዜው አዲስ ለነበረው ባለቀለም ፊልም ቀይ የበለጠ ስለሚታይ ነው። ይሄ ምንም አይደል። ሁለተኛው ግን ከባድ ነው፦ ፊልሙ ሲያልቅ ሁሉም ነገር ዶሮቲ ጭንቅላቷን ተመትታ ያየችው ሕልም ሆኖ ይገኛል። በመጽሐፉ ውስጥ እንዲህ ያለ ነገር የለም። ኦዝ እውነተኛ አገር ነው። ዶሮቲ ስትመለስ የድሮው ቤት የለም፤ አጎቷ አዲስ ቤት ሠርቷል፤ አክስቷ ጎመን ውኃ ልታጠጣ ስትወጣ ነው ልጅቷን የምታየው። ልዩነቱ ቀላል አይደለም። ሕልም ከሆነ ከዶሮቲ በቀር የተነካ ሰው የለም። እውነት ከሆነ ግን እዚያ ያሉት ሰዎች ከእሷ በፊትም ነበሩ፣ ከእሷም በኋላ ይኖራሉ። የእነሱም ጉዳይ ጉዳይ ነው።

ስለ እነሱ ጉዳይ ትንሽ ልቆይ። ኦዝ ሲያዩት የሚያምር ይሁን እንጂ ባርነት የሞላበት አገር ነው። በምሥራቅ ያሉት ማንችኪኖች ዶሮቲ ቤት እስኪወድቅላቸው ድረስ ለዓመታት የጠንቋይዋ ባሪያዎች ነበሩ። በምዕራብ ያሉት ዊንኪዎችም እንዲሁ። የሚበሩት ጦጣዎች ደግሞ ከሁሉም የባሰ ነገር አለባቸው። በፊልሙ ውስጥ ማስፈራሪያ ብቻ ናቸው፤ በመጽሐፉ ግን ንጉሣቸው ራሱ ታሪካቸውን ይናገራል። ድሮ ጌታ የሌላቸው የዱር ነፃ ፍጡሮች ነበሩ። አንድ ቀን ለቀልድ ብለው የአንዲት ልዕልትን እጮኛ ወንዝ ውስጥ ወረወሩት። ልዕልቲቱ ተቆጥታ የወርቅ ቆብ በያዘ ሰው ሁሉ ሦስት ሦስት ጊዜ እንዲታዘዙ ፈረደችባቸው። ከዚያ በኋላ ቆቡ ከእጅ ወደ እጅ ይዞራል፤ ጦጣዎቹም ከጌታ ወደ ጌታ። ክፉዋ ጠንቋይ በእነሱ ነው ዊንኪዎችን ባሪያ ያደረገችው። ተገዥን ተጠቅሞ ሌላውን መግዛት ማለት ይህ ነው። ባውም ይህንን ሁሉ ለልጆች ሲያወራ አንዲት የምክር ቃል አልጨመረበትም።

አስተውሉ፤ ጠንቋይዋ ከሞተች በኋላ ቆቡ የገባው ዶሮቲ እጅ ነው። ዶሮቲ ደግ ልጅ ናት። ግን ጦጣዎቹን ነፃ ላውጣ አላለችም። እሷም ሦስቴ አዘዘቻቸው። ከሦስቱ አንዱ ወደ ካንሳስ እንዲወስዷት ነበር። ንጉሡም እኛ የዚህ አገር ብቻ ነን፣ ከዚህ ወጥተን መሄድ አንችልም አላት። ትዕዛዟም በከንቱ ተቆጠረባት።

የእህቴ ልጅ ይህን ስትሰማ «ፓስፖርት የላቸውም?» አለች።

«የላቸውም» አልኳት።

«ታዲያ ካልወሰዷት ለምን ቆጠሩባት?»

መልስ አልነበረኝም። እናቴ ከጓዳ ሆና «የቪዛ ብርም እኮ አይመለስም» አለች። ተሳሳቅን። እሷ ግን ስታወራ የእውነቷን ነበር፤ የእህቴን ጉዞ ያስጨረሰችው በእቁብ ብር ነው፣ ያውም በሁለተኛው ሙከራ።

ጦጣዎቹን በመጨረሻ ነፃ የምታወጣቸው ግሊንዳ የምትባል ደግ አስማተኛ ናት። ቆቡን ከዶሮቲ ትቀበላለች፤ የዶሮቲን ሦስት ጓደኞች ወደ የቦታቸው እንዲያደርሱላት ሦስቴ ታዝዛቸዋለች፤ ከዚያ ቆቡን ለንጉሣቸው ትሰጠዋለች። አለቀ። ሌላ ሰው ጌታቸው ሊሆን አይችልም። ከመጽሐፉ ሥራዎች ሁሉ ትልቁ ይህ ሆኖ ሳለ በሁለት መስመር ያልፋል፤ ወዲያው ወደ ዶሮቲ ጫማ ይዞራል። ጫማው ደግሞ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ወደ ቤቷ ሊወስዳት ይችል ነበር፤ አላወቀችም እንጂ።

አንድ ሌላ ቦታም አለ፣ ፊልሙ ውስጥ የሌለ። ዶሮቲ ከሲኒ የተሠሩ ሰዎች የሚኖሩበት አገር ትደርሳለች። አንዲት ትንሽ የሲኒ ልዕልት አይታ ትወዳትና ይዣት ልሂድ፣ ቤት መደርደሪያ ላይ አስቀምጣታለሁ ትላለች። ልዕልቲቱም ከአገራችን ስንወጣ መገጣጠሚያችን ይደርቃል፣ ቀጥ ብለን ከመቆም በቀር የምንችለው የለም ብላ ትመልስላታለች። ባውም ለተወሰኑ ዓመታት ከከተማ ከተማ እየዞረ የሸክላና የሲኒ ዕቃ የሚሸጥ ነጋዴ ነበር፤ መደርደሪያ ላይ ቆመው የሚኖሩትን ምስሎች በደንብ ያውቃቸዋል። ይህን ክፍል ሳነብ የእህቴ ልጅ ምንም አልጠየቀችም። እኔ ግን ስለ እህቴ አሰብኩ፤ በኢሞ ስናያት ሁልጊዜ አንድ ቦታ፣ አንድ ግድግዳ ሥር ቆማ ነው የምናያት።

ለጋዜጠኝነት ተማሪ ደግሞ የመረግዱ ከተማ ጉዳይ አለ። በከተማዋ የሚኖር ሁሉ መነጽር ማድረግ ግዴታው ነው። መነጽሩ ከኋላ በቁልፍ ይቆለፋል፤ ቁልፉ ያለው በረኛው ዘንድ ነው። ምክንያቱም የከተማዋ አንጸባራቂነት ዓይን እንዳያጠፋ ነው ይባላል። በኋላ ጠንቋዩ አጭበርባሪ መሆኑ ሲጋለጥ ራሱ ይናዘዛል፦ ከተማዋ ከሌላ ከተማ የበለጠ አረንጓዴ አይደለችም፤ መነጽሩ ነው አረንጓዴ። ደስ የሚለኝ ግን ከኑዛዜው በፊት ባውም ያስቀመጣት ፍንጭ ናት። ዶሮቲ ከተማው ውስጥ የለበሰችው አረንጓዴ ቀሚስ ከበር ወጥታ መነጽሩ ሲወልቅ ነጭ ሆኖ ይገኛል። ዶሮቲ ትገረማለች፤ ግን ለምን ብላ አትጠይቅም። የዜና ሰው ብትሆን ኖሮ ታሪኩ እዚያ ላይ ባለቀ ነበር።

አሁን ወደ ርዕሰ አንቀጹ ልምጣ።

ባለፈው ሴሚስተር በአስተያየት ጽሑፍ ኮርስ መምህራችን የቤት ሥራ ሰጡን። ጉዳት ያስከተለ ወይም ሊያስከትል ይችል የነበረ አንድ የጋዜጣ አስተያየት ፈልጋችሁ፣ ተርጉማችሁ፣ አንባቢን በምን ዘዴ እንደሚይዝ አሳዩ አሉን። አብዛኛው ተማሪ በ1990 ካንጉራ የተባለው የሩዋንዳ ጋዜጣ ያወጣውን ይዞ መጣ። እኔ ለየት ልበል ብዬ ባውምን መረጥኩ። አንድ ወቅት ጋዜጠኛ እንደነበረ ከመጽሐፌ መግቢያ አንብቤ ነበርና ቀለል ያለ፣ የሚያዝናና ነገር አገኛለሁ ብዬ ነው። አልሆነም።

ባውም በ1888 ከቤተሰቡ ጋር ወደ ዳኮታ ሄዶ አበርዲን በምትባል አዲስ ከተማ ሱቅ ከፈተ። ድርቅ ነበር፤ ገበሬው መክፈል አቃተው፤ ሱቁ ተዘጋ። በ1890 «አበርዲን ሳተርዴይ ፓዮኒር» የተባለ ሳምንታዊ ጋዜጣ ያዘ፤ ጻፈ፣ አረመ፣ ማስታወቂያ ለመነ። (የሚስቱ እናት ማቲልዳ ጆስሊን ጌጅ የታወቀች የሴቶች መብት ታጋይ ነበረች፤ ጋዜጣውም ሴቶች የመምረጥ መብት እንዲያገኙ ይሟገት ነበር።) ያን ጊዜ በዙሪያው የነበረው መሬት የላኮታ ሕዝብ መሬት ነው። በ1889 የአሜሪካ ምክር ቤት ትልቁን የላኮታ ይዞታ ቆራርሶ ሰፊ ክፍሉን ለሰፋሪ ክፍት አደረገው። በታኅሣሥ 15 ቀን 1890 የላኮታው መሪ ሲቲንግ ቡል ሊይዙት በመጡ የመንግሥት ፖሊሶች ተገደለ። በታኅሣሥ 29 ደግሞ ዉንድድ ኒ በተባለ ቦታ የአሜሪካ ጦር መሣሪያ ሊያስፈታቸው ከከበባቸው ላኮታዎች ከ150 በላይ የሚሆኑትን ፈጀ፤ ቁጥሩን ወደ 300 የሚያደርሱትም አሉ። ብዙዎቹ ሴቶችና ሕፃናት ነበሩ።

ባውም ሁለት ጊዜ ጻፈ። አንዱ በታኅሣሥ 20፣ ሲቲንግ ቡል በተገደለ በአምስተኛው ቀን፤ ሌላው በጥር 3 ቀን 1891፣ ከዉንድድ ኒ በኋላ ነው። በሁለቱም የቀሩት የአሜሪካ ቀደምት ሕዝቦች ጨርሰው እንዲጠፉ ጠየቀ። የኦዝ አባት ማለት ነው።

ይህን ስተረጉም እጄ ከብዶኝ ነበር። የቤት ሥራው ዘዴውን አሳዩ ስለሚል ላሳይ። በመጀመሪያው ጽሑፍ የሞተውን መሪ ያሞግሰዋል፤ ጀግና ነበር ይላል። ሙገሳው ግን ለሟቹ አይደለም፤ የቀሩትን ለማዋረድ ነው። እውነተኞቹ አልቀዋል፣ የተረፉት የማይረቡ ናቸው ወደሚል ያደርሰዋል። ሁለተኛው ከዚህ ይብሳል። ነጮች በእነዚህ ሰዎች ላይ ለዘመናት በደል መፈጸማቸውን አይክድም፤ በግልጽ ያምናል። ከዚያ ማመን የሚያወጣው ድምዳሜ ግን በደሉ ይካስ የሚል ሳይሆን፣ ለሰፋሪው ደኅንነት ሲባል አንድ የመጨረሻ በደል ተጨምሮ ነገሩ ይዘጋ የሚል ነው። እኔ እስከዚያን ቀን ጥፋትን ማመን የእርቅ መጀመሪያ ይመስለኝ ነበር። ለሌላም ነገር መጀመሪያ ሊሆን እንደሚችል ያየሁት እዚህ ነው።

ምጸት ነው፣ የምሩን አይደለም የሚሉለት አሉ። እኔ አልቀበልም። ምጸት ቢሆን በሁለት ሳምንት ውስጥ ሁለት ጊዜ ለምን ይደግመዋል? ደግሞስ መሣሪያ ይዞ በፍርሃት ለተቀመጠ የከተማ ሰው እንዲህ ያለ ምጸት ይጻፋል? በ2006 ከባውም ዘሮች አንዳንዶቹ ላኮታዎችን ስለ ጽሑፎቹ ይቅርታ ጠይቀዋል። እነሱ ምጸት ነው ብለው አላለፉትም።

ጋዜጣው በ1891 ከሰረ። ባውም ቺካጎ ገባ፤ የሲኒ ዕቃ መሸጥ የጀመረውም ያን ጊዜ ነው። በ1900 የኦዝ መጽሐፍ ወጣ።

አንድ ሳምንት ሙሉ ለልጅቷ ማንበብ አቆምኩ። ስልኬ ባትሪ የለውም እላታለሁ። ትችት ጽፎ መጨረስ ቀላል ነው፤ ማታ ማታ ግን ልጅ ትጠብቃችኋለች። መጽሐፉን ልጣለው ወይስ ልቀጥል? በዚያ ሳምንት መጽሐፉን ለብቻዬ ደግሜ አነበብኩት፤ ያን ጊዜ ነው ከዚያ በፊት ያላየሁትን ያየሁት። የመጀመሪያው ገጽ ላይ ያለው ካንሳስ ባዶ ነው። ዙሪያውን ሰው የለም። አጎት ሄንሪና አክስት ኤም ማንም ያልነበረበት መሬት ላይ ያረፉ ይመስላሉ። ካንሳስ የሚለው ስም ግን የሰው ስም ነው፤ ካንሳ ከሚባል ሕዝብ የመጣ ነው። የካንሳ ሕዝብ በ1873 ከዚያ ተነሥቶ ዛሬ ኦክላሆማ ወደሚባለው ቦታ ተወስዷል። ዶሮቲ አልቅሳ የምትመለስበት ቤት ስሙን ያገኘው ቤታቸውን ከተነጠቁ ሰዎች ነው። ባውም ይህን አልጻፈም። አስቦት እንደሆነም መጽሐፉ አይነግረንም። ግን ያው ሰው የጦጣዎቹን ንጉሥ አስቀምጦ ድሮ ነፃ ነበርን፣ የዚህ አገር ብቻ ነን አሰኝቶታል። ለጦጣ የሰጠውን ቃል ለሰው ነፍጎ ነበር።

ይህ መጽሐፉን ያድነዋል ማለቴ አይደለም። ጸጸት ነው ለማለትም ማስረጃ የለኝም። የምለው ይህን ብቻ ነው፦ ስለ ቤት የሚያወራ ታሪክ ሁሉ ውስጥ ቤት የተከለከለ ሰው አለ፤ አንዳንዴ ታሪኩ ውስጥ፣ አንዳንዴ ከታሪኩ ውጭ። አንባቢ ሁለቱንም ቦታ ማየት አለበት። እናም ቀጠልኩ። ስለ ርዕሰ አንቀጹ ለእህቴ ልጅ እስካሁን አልነገርኳትም። ትልቅ ስትሆን ትርጉሜን አሳያታለሁ፤ ፋይሉ ውስጥ አስቀምጬዋለሁ።

ባውም ስለ ኦዝ 14 መጻሕፍት ጽፏል፤ ዕድሜ ለኢንተርኔት ሁሉም በነፃ ይገኛሉ። ለዚህ ጽሑፍ የሚያስፈልገኝ ስድስተኛው፣ በ1910 የወጣው ነው። የልጅቷ ጥያቄ መልስ ያገኘው እዚያ ይመስለኛል። አጎት ሄንሪ አውሎ ነፋሱ የወሰደውን ቤት መልሶ ለመሥራት መሬቱን አስይዞ ተበድሮ ነበር። ብድሩን መክፈል አቃተው። ባለ ባንኩ ሊወስድበት ነው። ያ ሁሉ የተለቀሰለት ካንሳስ ወረቀት ላይ የሌላ ሰው ሆኖ ተገኘ። ዶሮቲ ምን ታድርግ? በየቀኑ አሥር ሰዓት ላይ የኦዝ ንግሥት ኦዝማ በአስማት ሥዕል ታያታለች፤ ምልክት ከሰጠች ትወስዳታለች። ምልክት ሰጠች፤ አጎቷንና አክስቷንም አስወሰደቻቸው። ካንሳስን ዞር ብላ አላየችም። ለማስፈራሪያው የመለሰችለት የአገር ፍቅር ወዴት ሄደ? መጀመሪያም መሬቱ አልነበረም ማለት ነው። ቤት ያደረገችው አክስቷን ነው፣ ያችን የማትስቀውን። አክስት ኤም ባለችበት ያ ቤት ነው።

በዚሁ መጽሐፍ ኦዝን ሊወርሩ ጠላቶች ከመሬት ሥር ዋሻ ይቆፍራሉ። ኦዝማ አልዋጋም ትላለች። ክፉም ቢሆን ሕይወት ያለውን ፍጡር የማጥፋት መብት ማንም የለውም፣ መንግሥቴን ለማዳንም ቢሆን አላደርገውም ነው የምትለው። ከጥር 1891ዱ ርዕሰ አንቀጽ ጎን ለጎን አድርጌ አነበብኩት። ሃያ ዓመት ገደማ ነው በመካከል ያለው። ጠላቶቹ በአስማት ውኃ ክፋታቸውን ረስተው ይመለሳሉ። በመጨረሻ ግን ግሊንዳ ኦዝን ከዓለም ዓይን ትሰውራለች፤ ከእንግዲህ ማንም አይገባም። ነፃው አገር በሩን ዘጋ። የእህቴ ልጅ ይህን አልወደደችውም። «ሌሎቹ ልጆችስ?» አለች። እውነቷን ነው። ባውምም በ1911 ከሰረና በ1913 በሩን እንደገና ከፈተው፤ ወሬው በሽቦ አልባ ቴሌግራፍ ደረሰኝ ብሎ ሰባተኛውን መጽሐፍ አወጣ። ረሃብ ብዙ በር ያስከፍታል።

አንድ ቦታ ዘልያለሁ፤ እሱን ልናገርና ላብቃ። መሬቱ ሊወሰድ መሆኑን ባወቁ ማታ ባልና ሚስቱ ከዶሮቲ ጋር ይነጋገራሉ። ልጅቷም እንጀራዋን ለማግኘት መሥራት አለባት። አክስት ኤም የሰው ቤት ሥራ ልትሠሪ ትችያለሽ፣ ወይም ሞግዚት ሆነሽ ሕፃናት ልትይዢ ትችያለሽ ትላታለች። ባውም ይህን እንደ ቀላል ነገር ነው የሚጽፈው።

ያንን ክፍል ያነበብኩት አንድ አርብ ማታ ነው። እህቴ በኢሞ ደውላ ልጅቷ እንቅልፍ ወስዷት ነበር። «ምን እያነበባችሁ ነው? እስቲ ለኔም አንብቢልኝ» አለች። እኔም ሳላስብ ካቆምኩበት ቀጠልኩ። ሞግዚት የሚለው ጋ ስደርስ ነቃሁ፤ ግን ወጥቷል። በስልኩ ውስጥ ዝም አለች። ግድግዳው ብቻ ይታያል።

«ልጅቷ ሄደች?» አለችኝ ቆይታ።

«አልሄደችም» አልኳት።

«እሺ፣ ቀጥዪ።»